ሳይፈተግ

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ ድምፄን የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ቤቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የጣና ነፋስ ከሰማችሁ አትገረሙ። ፊት ለፊቴ አንዲት ድስት አለች። ስለሷ ላውራችሁ።

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ያመጣችልኝ ስቴንለስ ድስት ናት፤ ከበድ ያለች፣ ታቿ ወፍራም። ሥሯ ላይ 18/10 ተብሎ ተጽፏል። ከመቶው 18 ክሮሚየም፣ 10 ኒኬል ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ድስቷን ከጎዳኋት በኋላ ነው።

እኔ ያደግኩት የእናቴን አጠባብ እያየሁ ነው። እማዬ ድስቶቿን ተሸክማ ሐይቁ ዳር ትወርድና አሸዋውን በእፍኟ ዘግና፣ አመድ ጨምራ፣ ጥላሸቱ እስኪለቅ ትፈትጋለች። «ዕቃ ካልፈተጉት አይጠራም» ትለኝ ነበር። በእንጨት ለሚጣድ ድስት እውነቷን ነው።

የእህቴንም ድስት በዚያው ልማድ ያዝኳት። አንድ ቀን የአምባዛ ወጥ ልሠራ ሽንኩርት እያቁላላሁ ስልክ ተደወለ፤ ስመለስ አርሯል። በሽቦ ፈተግኳት። እምቢ ሲለኝ በረኪና አፍስሼ አሳደርኳት። ጠዋት ሳያት ዝገት ነጠብጣብ ወጥቶባት፣ መርፌ የወጋት የመሰለ ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርታለች። ድስቷን አቅፌ አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ላይዋ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ቢጫር እንኳ አየር ካገኘ ራሱን መልሶ ይጠግናል፤ ይሄ እስካሁን ይደንቀኛል። በረኪና ግን ቆዳውን ሰብሮ ይገባል። ሽቦው ደግሞ የራሱን ብናኝ ትቶባት ይሄዳል፤ ካየሁት ዝገት ከፊሉ የሽቦው እንጂ የሷ አልነበረም። እሱን በሎሚ አሸሁት፣ ለቀቀ። ጉድጓዶቹ ግን አሁንም አሉ። ጨውም እንዲሁ ይወጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲጨመር ታች ይተኛል፣ ስለዚህ ውሃው ሲፈላ ጨምሮ ማማሰል ነው።

የኛ ቁሌት ለዚህ ድስት ፈተና ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ስናቁላላ መያዙ አይቀርም። እናቶቻችን ግን መላውን ድሮም ያውቁታል፦ እሳቱን መጠን አድርጎ፣ ሲይዝ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጎ በእንጨት ማማሰያ ማስለቀቅ። ያ ቡናማ ነገር ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ጣዕሙም እሱ ነው። በርበሬ ከገባ በኋላ ግን ዓይን መንቀል የለም፤ በርበሬ ቶሎ ያራል።

ካረረም ሽቦ አልነካም። ያረረውን የሚሸፍን ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አፍልቼ እዚያው እስኪቀዘቅዝ እተዋታለሁ። ውሃው የሚተወውን ነጭ ነጠብጣብና እሳት የሚያመጣውን ሰማያዊ ቀለም አቼቶ ይወስደዋል። ትኩስ ድስት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ታቹ ይጣመማል።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ መጥታ አጠገቤ ቆማ አየች። ማማሰያውን ተቀብላኝ ያረረውን ነካ ስታደርገው እንደ ቅርፊት ተነሣ። ዝም ብላ ቆየችና «ሳይፈተግ?» አለችኝ። ስትሄድ ደግሞ «በይ ልጄ፣ ከዚያ ሶዳ ትንሽ ቋጥሪልኝ» አለች።

የሷ ድስቶች አሉሚኒየም ናቸው፤ ሶዳ ያጠቁራቸዋል። ይህን ነግሬያት ሎሚ ቋጠርኩላት፤ አሉሚኒየምን የሚያፈካው ሎሚ ነው።