ወይፈናችሁ ስንት ኪሎ ነው?

እንደምን ዋላችሁ! ከደንቢያና ከወገራ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ የአዘዞ የወተት ላም አርቢዎች፣ የልማት ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላም ግሳት ነው። ላም የበላችው ጭድ በሆዷ ሲብላላ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። አብዛኛው የሚወጣው በአፏ ነው። በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎ ሚቴን ምድርን የሚያሞቀው 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከሙቀት አማቂ ጋዛችን 40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእንስሳት እንደሚመጣ ይናገራል።

ታዲያ ማን ለካው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእናንተን በሬ ማንም አልለካውም። በቀላሉ አሠራር የከብቱ ቁጥር በአንድ ከብት ድርሻ ይባዛል፤ አለቀ። ድርሻው ከዓለም አቀፍ መመሪያ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2006ቱ መመሪያ ከወተት ላም ውጪ ላለ የአፍሪካ ከብት ድርሻው በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሻሻል 52 ሆነ። በሬው ያው በሬ ነው። የሚበላውም ያው ጭድ ነው። ወረቀት ላይ ግን ጋዙ በሁለት ሦስተኛ ጨመረ።

ይህ በጣም ያሳስበኛል። የተሻለ መኖ ሰጥታችሁ ጊደራችሁ ቶሎ ብትወልድ፣ በዚህ አቆጣጠር ልፋታችሁን የሚያይላችሁ የለም። የሚታየው የከብት ቁጥር ብቻ ነው። ከኪሎዋ፣ ከምትበላውና ከወተቷ ተነስተን ስናሰላ ግን ለውጡ ይታያል። ጭድ ብቻ የምትበላ ጊደር አራት አምስት ዓመት ሳትወልድ ታገሳለች። ሣርና የኑግ ፋጉሎ ሲጨመርላት ያ ባዶ ጊዜ ያጥራል።

ጋዙ በአንድ ሊትር ወተት ብቻ ይሰላ የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። የጎንደር ላም ወተት ብቻ አይደለችም። የምትወልደው በሬ ያርሳል፣ አውድማ ላይ ያበራያል። እበቷ ማገዶ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ ዕዳውን ወተቷ ላይ መጫን ግፍ ነው።

እበት ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ ኩበት ስትጠፈጥፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሌላ ማገዶ ለሌለው ቤት ኩበት አታንድዱ ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን ኩበት ሲነድ የማሳው ናይትሮጅን አብሮ ይሄዳል። እሱን ለመተካት ዩሪያ እንገዛለን። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በመመሪያው መነሻ ስሌት 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ሌላ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 200 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ዩሪያውን ከፋፍላችሁ ጨምሩ፣ አፈርም አልብሱት። ብክነቱ ይቀንሳል፣ ብራችሁም ይተርፋል። ባዮጋዝ ያለው ቤት ደግሞ ከአንዱ እበት ሁለቱንም ያገኛል፤ ጋዙ ምድጃ ላይ ይነዳል፣ ዝቃጩ ማሳ ይገባል።

አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሩ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አስቀምጠናል፤ ለየቤታችሁ አንዳንድ ውሰዱ። ነገ ጠዋት ከብቱ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩት። ሴንቲሜትሩን ከዕድሜው ጋር ደብተር ላይ ጻፉልን። ወደ ኪሎ የመቀየሩን ሥራ እኛ እንሠራለን፤ ውጤቱንም እዚሁ ተመልሰን እናነብላችኋለን።