ግራ ገብቶኛል

እንደምን አደራችሁ። ድምፄ ይሰማል አይደል? ዛሬ የምቀርጸው ከቤት አይደለም። ሐይቁ ዳር ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ባጃጆቹ ጡሩምባ ሳይጀምሩ ልጨርስ ብዬ ነው የመጣሁት። ከኋላዬ የምትሰሙት ጫጫታ የወፎቹ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያወጡ እንዲህ ያደርጋቸዋል። ድርሻ ያላቸው ነው የሚመስሉት።

ባለፈው ክፍል ላይ ለዕረፍቴ ኬንያ ሄጄ ሞተር እነዳለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። ዛሬ ፉከራው የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። አልሞተም። ግን በጣም ከስቷል።

ዕቅዱን የምጽፍበት ደብተር አለኝ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ፣ የመድኃኒት ወኪሎች በየዓመቱ የሚያድሉን ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፦ በራሴ ሞተር ከባሕር ዳር መነሳት። ዓባይ በረሃን መውረድ። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ። ከዚያ ማርሳቢት፣ ናንዩኪ፣ ናይሮቢ። ከናይሮቢ ደግሞ ሞምባሳ ወርጄ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ እግሬን መንከር። ደርሶ መልስ ሦስት ሳምንት። ሦስት ሳምንት ዕረፍት ማን እንደሚሰጠኝ ደብተሩ አይናገርም።

መጀመሪያ ያማከርኩት መካኒኬን ነው። ጋሼ ብዙ አያወሩም። ሞተሬን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ካቴናውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ፍሪሲዮኑን ያዝ ለቀቅ አደረጉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይቺ ጎንደር ደርሳ ከተመለሰች ስለት ማስገባት አለብሽ።» ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ነው እንግዲህ! እኔ ስለ ካንዴላና ስለ ካላማዳሪያ መለዋወጫ ዝርዝር ይዤ ነበር የሄድኩት። ዝርዝሩን አይተው መለሱልኝ። «ዕቃው አይደለም የሚቸግርሽ። የሚገጥምልሽ ሰው ነው።»

ቤት ገብቼ ቁጥሩን ደመርኩት። ከዚህ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደግሞ 770 አካባቢ። ገና ከአገር ሳልወጣ ከ1,300 በላይ ማለት ነው። መንገዱም በአሁኑ ጊዜ ሲያሰኝ ተነስተው የሚሄዱበት አይደለም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አላብራራም።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። የራሳችሁን ተሽከርካሪ ይዛችሁ ድንበር ስትሻገሩ ጉምሩክን የሚያሳስበው አንድ ነገር ነው፦ እዚያው ሸጣችሁት እንዳትመለሱ። ለዚህ ካርኔ የሚባል የዋስትና ደብተር አለ። ስትገቡ አንዴ፣ ስትወጡ አንዴ ማኅተም ይመታበታል። ደብተሩን ለማውጣት ገንዘብ ታስይዛላችሁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሳችንም ድንበሩ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ሌላ ቢጫ ካርድም አለ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው። ይህኛው በአውሮፕላን ብትሄዱም አይቀርላችሁም። ክትባቱ ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ይህችን እንኳ አውቃታለሁ፣ እንጀራዬ ናት።

ይህን ሁሉ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳወራለት፣ ኳስ ወዳድ ነው፣ «ሁለት ቢጫ ካየሽማ ቀይ ነው፣ ውጪ!» አለኝ። (ሳቅ) ወጣሁ። ሞያሌ በዚሁ ተሰረዘች። ሞምባሳም አብራት ሄደች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ዕቅድ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሄዶ ሞተር መከራየት ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላውን አስቀመጠችው። «አውሮፕላን ተሳፍረሽ ሄደሽ፣ የሰው ሞተር ተከራይተሽ ልትነጂ? እዚህ ሞተር ጠፍቶ?» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ለምን ኬንያ ለሚለው ግን መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ፓስፖርታችንን ቪዛ ሳይጠይቁ ከሚቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ሁለተኛ፣ ናይሮቢ ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርም እዚያው ላይ ናት። ለሳንባዬ እንግዳ አየር አይሆንም ማለት ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው! ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሳ ሞጃ» ይላሉ፣ አንድ ሰዓት። እኛ ብቻ ነን በዓለም ላይ እንዲህ የምንቆጥር ብዬ ስመካ ኖሬ ነበር። ችግሩ፣ ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ሰባት ሰዓት ይላል። ስለዚህ ሞተሩን የምረከብበትን ሰዓት በሁለቱም ቋንቋ ነው የምጠይቀው።

መንገዱ አሁን እንዲህ ሆኗል። ከናይሮቢ ናይቫሻ፣ ከናይቫሻ ናኩሩ፣ ከናኩሩ ንያሁሩሩ፣ ከዚያ ናንዩኪ፣ ከዚያ ናይሮቢ። ክብ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስድስት ቀን ይዤለታለሁ። ባለ መኪና በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሰው ይሆናል፤ ይጨርሰው። ናይቫሻ እንደኛው ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ ዳር ካላደርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ንያሁሩሩ ላይ 74 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ጢስ ዓባይ በቁመት አይደርስበትም። ይህን ባሕር ዳር ውስጥ ጮክ ብዬ አልናገረውም። ናንዩኪ ደግሞ የምድር ወገብ ያልፍባታል።

አሁን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላውራችሁ። ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ለመውረድ ሁለት መንገድ አለ። ላይኛው በሊሙሩ ነው። ታችኛው የስምጥ ሸለቆውን ገደል ይዞ ወደ ማይ ማሂዩ ይወርዳል። ማይ ማሂዩ በኪኩዩ ቋንቋ ሙቅ ውሃ ማለት ነው፣ እንደኛ ፍልውሃ። ማይ በግዕዝም ውሃ መሆኑ ዝም ብሎ አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል። ይህን የታችኛውን መንገድ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ጣሊያኖች ናቸው። ከመንገዱ ዳር እ.ኤ.አ. በ1942 የሠሯት አንዲት በጣም ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። እስከ ዛሬ ቆማለች።

እዚህ ላይ ደብተሬን ዘግቼ ሐይቁን አየሁ። ጣሊያን አገራችን ውስጥ የመጨረሻ ይዞታውን ጎንደር ላይ ያስረከበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 ነው። ከኢትዮጵያ የተማረኩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጣሊያኖች ኬንያ ተወሰዱ። ያቺን ግንብ ካነሱት ሰዎች መካከል ይህን ሐይቅ ያየ ይኖር ይሆን? ጎርጎራ ላይ ቆሞ ፊቱን የታጠበ? ማረጋገጥ አልችልም። ግን ሄጄ ድንጋዩን መንካት ፈልጌያለሁ። ለእማዬም ተናገርኩላት። «በማን ስም ነው?» አለችኝ። በማርያም ስም ነው አልኳት። ትንሽ ለስለስ አለች።

ሌላም አለ። ናንዩኪ የምርኮኞች ካምፕ ነበረ። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ሦስት ጣሊያኖች ከካምፑ አመለጡ። ወዴት? ወደ ኬንያ ተራራ። ካርታ የላቸውም። መንገዱን ካመላከታቸው ነገር አንዱ ከቆርቆሮ ሥጋ ላይ የተገኘ የተራራው ሥዕል ነበር። አንዱ ታመመ። ሁለቱ ሌናና የሚባለው ጫፍ ላይ፣ 5,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ ባንዲራቸውን ሰቀሉ። ከዚያ ምን አደረጉ? ተመልሰው ካምፑ ገቡ! ለዕረፍት ነው የወጡት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ሦስት ዓይነት ካርታ ጭኜ የቱን ልመን እያልኩ ነው።

ችግሩ፣ ያ የታችኛው መንገድ የጭነት መኪና ይበዛበታል። ከሞምባሳ ወደብ ወደ ኡጋንዳ የሚጫነው ዕቃ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። መንገዱ ጠባብ፣ በአንድ በኩል ገደል። ላይኛው ይሻላል ይላሉ የነዱበት። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ታች ናት። እሑድ በጠዋት እወርዳለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እስከ ጥር ስንት ጊዜ ሐሳቤን እንደምቀይር እናያለን።

ስለ ኪራዩ ቶሎ ልበል። ሄልሜት የራሴን እወስዳለሁ፣ የሰው ላብ አልፈልግም። አንጸባራቂ ሰደርያም እዚያ በሕግ ግዴታ ነው። ሞተሩን ከመረከቤ በፊት ጭረቱን ሁሉ በቪዲዮ እቀርጻለሁ። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ደግሞ ሞተር የሚለውን ቃል ፈልጉ። ብዙዎቹ ሞተር ነድቶ የተጎዳን ሰው አይሸፍኑም፣ ወይም ከተወሰነ ሲሲ በላይ ሲሆን እጃቸውን ያወጣሉ። መንጃ ፈቃዳችሁም ለመኪና ብቻ ከሆነ ወረቀቱ ሁሉ ዋጋ የለውም። እኔ አንዱን ውል እስከ መጨረሻው አንብቤ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት። ሰባተኛ ገጽ!

በቀን ስንት ሰዓት እንደምነዳ የወሰነልኝ አጎቴ ነው። አጎቴ የዘጌ ሰው ነው። በልጅነቱ እንጨት ጭኖ በታንኳ ባሕር ዳር ድረስ ይቀዝፍ ነበር። አሁን ባለ ሞተር ጀልባ አለው። ስለ ኬንያ ምንም አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ካርታውን ሳሳየው በትህትና አየልኝ። ከዚያ «ከቀትር በኋላ አትንጂ» አለኝ። ለምን? «ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል።» አጎቴ፣ መንገድ ላይ እኮ ማዕበል የለም አልኩት። «አንቺ ላይ ይነሳል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከምሳ በኋላ ነው እኔ ሞኝ የምሆነው። ትኩረቴ ይሄዳል፣ ጉልበቴ ይደክማል፣ ልድረስ ልድረስ ይለኛል። ስለዚህ በጠዋት ተነስቶ እስከ 6 ሰዓት ብቻ። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢበዛ። ማታ መንዳት ጭራሽ የለም።

ወቅቱን ደግሞ ጥር መጨረሻ አድርጌዋለሁ። ኬንያ ውስጥ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። መሐሉ ደረቅ ነው። ለኛም ጥምቀት አልፎ፣ አስተርዮ ማርያም አልፋ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ይሄኛው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ኬንያ ሄጄ ኛማ ቾማ፣ የፍየል ጥብሳቸውን ሳልቀምስ ሽሮ ፍለጋ ስዞር ታየኝ። አይሆንም።

አሁን የቀረኝ አንድ ትልቅ ነገር ነው። ግራ። ኬንያ በግራ ነው የሚነዱት። አባቶቻችን ቢሰሙ ይስቃሉ፣ እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምንነዳው። እኔ ግን ብስክሌት ከተማርኩበት ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ቀኝ ይዤ ነው ያደግኩት። ባሕር ዳር ውስጥ ያደገ ሰው ብስክሌትን በጭንቅላቱ አይነዳም፣ ሰውነቱ ነው የሚነዳው። ሰውነቴን ደግሞ ማሳመን አልቻልኩም።

ልምድ ያላቸው የሚሉት ነገር ገርሞኛል። የሚያስቸግረው የከተማው ትርምስ አይደለም። እዚያ የፊተኛውን መከተል ነው። አደጋው ባዶ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ስትነሱ፣ ወይም ነዳጅ ቀድታችሁ ስትወጡ። ማንም የለም፣ እጃችሁ ራሱ ወደለመደው ይወስዳችኋል። አደባባዩም እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ወደ ቀኝ ነው።

ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ በጠመኔ መንገድ አስምሬያለሁ። አደባባይ አለው፣ መሐሉ ላይ የእማዬ የሬት ተክል። ማታ ማታ በብስክሌት በግራ እዞራለሁ። የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትራፊክ ሆኗል። ፉጨት አለው። ችግሩ እሱም ቀኝ ነው የሚያውቀው፣ በትክክል ስዞር ያስቆመኛል። ትናንት ሦስት ጊዜ ቀጥቶኛል። ሁለቱ ስህተቱ የእሱ ነበር። አንዷ ግን የኔ ናት። ነዳጅ ቀዳሁ ብዬ ቆሜ፣ ስነሳ ቀኝ ያዝኩ። ልክ እንዳሉት።

በሉ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ መጣ። ይሰማችኋል? ልግባ እኔም፣ ሥራ አለብኝ። ዛሬ ስወጣ እማዬ እንደ ሁልጊዜው በር ድረስ ሸኘችኝ። ስታድግም ስታረጅም አንድ ምርቃት ናት ያላት፦ «ቀኝ ያውልሽ።» ዛሬ ግን ብላኝ ዝም አለች። ጠመኔውን አየችው። «እዚያስ ስትሄጂ» አለችኝ፣ «ምን ልበልሽ?»