ከሞተር እስከ ጎማ፦ ስንት ፈረስ መንገድ ላይ ይቀራል?

[ምስል፦ የፊት ጎማ የሚነዳ የቤት መኪና ዳይኖ ላይ፤ ጎማው ሮለሩን ሲያሽከረክር]

የመኪናችሁ ወረቀት 100 የፈረስ ጉልበት ይላል እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ ዳይኖ (ጎማው በሚያሽከረክረው ሮለር የመኪናን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ላይ ስትወጡ ግን ማሽኑ 67 ብቻ አሳየ። መጀመሪያ የሚከሰሰው ካምቢዮው ነው፤ «33 ፈረስ በላ» ይባላል። አልበላም። በትክክል ስንት እንደበላ እስኪ አብረን እናስላው።

ከሞተሩ የወጣው ጉልበት ጎማው ጋ እስኪደርስ በካምቢዮ፣ በዲፈረንሻልና በብዙ ኩሽኔቶች ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ የሚጠፋው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ይህን ለይታችሁ ከያዛችሁ ሌላው ይቀላል።

[ምስል፦ ተቆርጦ የተከፈተ ካምቢዮ፤ ማርሾቹ ዘይት ውስጥ ሲዞሩ]

አንደኛው ኪሳራ ፍጥነትን የሚከተል ነው። ማርሾቹ ዘይቱን እያማሰሉ ይዞራሉ። ዘይት እንዳያፈስ የተገጠመው ጎማ ዘንጉን ይዞ ይፈትጋል። የመኪናው ጎማም ሮለሩ ላይ እየተጨፈለቀ ይሞቃል። ሞተሩ 50 ፈረስ ቢሰጥም 300 ቢሰጥም፣ ፍጥነቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ይህ ኪሳራ ብዙም አይለወጥም።

ሁለተኛው ጭነትን የሚከተል ነው። የማርሽ ጥርስ ጥርስን ሲገፋ ሰበቃ አለ፤ በኃይል በገፋ ቁጥር ሰበቃው ይጨምራል። ጥርሱ ሰያፍ የሆነ አንድ ጥንድ ማርሽ ከሚያሳልፈው ጉልበት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ይወስዳል። የኋላ ጎማ የሚነዱ መኪኖች ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ሃይፖይድ ማርሽ ግን ጥርሶቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ከዚህ በላይ ይበላል። በሌላ በኩል በብዙዎቹ ማንዋል የኋላ ነጂ መኪኖች 4ኛ ማርሽ ቀጥታ፣ ማለትም 1 ለ 1 ነው፤ ጉልበቱ በካምቢዮው ጥርሶች ሳይገፋ ያልፋል። ዳይኖ ላይ ብዙ ጊዜ 4ኛ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አሁን ሁሉም የሚያውቃት ቀመር ላይ እንምጣ። «ማንዋል ከሆነ 15 በመቶ ይጠፋል» ትላለች። ለተራ መኪና አንዳንድ ጊዜ ትቀርባለች። ግን ያው መኪና ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ተገጥሞለት 300 ፈረስ ቢሰጥስ? በዚህች ቀመር 45 ፈረስ ሊጠፋ ነው። ይህ 33 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ነው፤ ስምንት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ እንደመጣድ ማለት ነው። ካምቢዮው ያው፣ ዘይቱ ያው፣ ኩሽኔቱ ያው ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት ይመጣል? ቋሚ መቶኛ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የተሻለው መንገድ መለካት ነው። ዳይኖው ላይ ሞተሩ ጫፍ እስኪደርስ ትነዳላችሁ። ከዚያ ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ፤ ማርሹን ግን አታወጡም። ሞተሩ ተለያየ፤ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና ጎማውን ይዞ የሚዞረው ሮለሩ ብቻውን ነው፤ ቀስ በቀስም ይቆማል። ማሽኑ የሮለሩን ክብደት ስለሚያውቅ፣ በየፍጥነቱ ምን ያህል ጉልበት እየጎተተው እንደሆነ ያሰላል። ይህ አንደኛውን ኪሳራ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው እዚህ አይታይም፤ ጥርሶቹ ያለ ጭነት ነውና የሚዞሩት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እሱን በግምት እንጨምራለን።

[ምስል፦ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲጻፉ]

ወደ መኪናችን እንመለስ። ጎማ ላይ 67 ተለካ። ፍሪሲዮን ተረግጦ በዚያው ፍጥነት 8 ፈረስ ተገኘ እንበል። ድምሩ 75 ነው። የፊት ነጂ ስለሆነ ጉልበቱ በሁለት ጥንድ ማርሽ ያልፋል፤ 3 በመቶ እንያዝለት። 75ን ለ0.97 ስናካፍል 77 ይመጣል። ስለዚህ ሞተሩ ያን ቀን 77 ፈረስ ሰጥቷል፤ መንገድ ላይ የቀረው 10 ብቻ ነው።

ታዲያ ከ100 እስከ 77 ያለው የት ሄደ? አየሩ ላይ። የወረቀቱ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። እኔ 22 በመቶ ብዬ ይዣለሁ፤ 100 የነበረው 78 ይሆናል። የለካነው 77 ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ካምቢዮውም አልበደለም።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን በጣም ጠብቁ። የከፍታ ማስተካከያ የሚደረገው ለሞተሩ ጉልበት ነው። ዘይት ማማሰል ከአየሩ መሳሳት ጋር ግንኙነት የለውም። 67ን በቀጥታ ለ0.78 ብታካፍሉ 86 ይወጣና 14 ፈረስ የጠፋ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ኪሳራውን ደምሩ፤ ከዚያ 77ን ለ0.78 አካፍሉ። 99 ትደርሳላችሁ።

አውቶማቲክ ላይ ይህ ዘዴ ይጎድላል። ፍሪሲዮን ፔዳል ስለሌለ ኒውትራል ታደርጋላችሁ፤ ያኔ የቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ቦታ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው) መንሸራተትም የዘይት ፓምፑ ጭነትም ከልኬታችሁ ይወጣል። ስለዚህ የአውቶማቲክ ግምት ሁልጊዜ ሰፋ ባለ ልዩነት ይያዝ።

የጎማ ንፋስና የዘይት ሙቀት ቁጥሩን ያዛባሉ። የቀዘቀዘ የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፤ ነድታችሁ ካሞቃችሁት በኋላ ለኩ። ፍላጎታችሁ አዲስ የገጠማችሁት ዕቃ ጉልበት ጨምሯል ወይ የሚለው ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልጋችሁም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳይኖ፣ በአንድ ማርሽ፣ ከመግጠማችሁ በፊትና በኋላ የጎማውን ቁጥር አነጻጽሩ።