«ስንት ይሄዳል?» ብቻ ሳይሆን «ማታ የት ያድራል?»፦ ስለ አዲስ መኪና የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ መኪና ግዢ ስናወራ መስመሩ ተጨናንቆ ብዙዎቻችሁ ሳትገቡ ቀራችሁ። ዛሬ ያስቀመጣችኋቸውን መልእክቶች እያነሳሁ ልመልስ። የጥያቄው ቅርጽ ይለያይ እንጂ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ለሥራ መመላለሻ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ፣ መንገድ ላይ የማያስቀር አዲስ መኪና የቱ ነው? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «አዲስ» ስንል በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ማለታችን ነው። ስለዚህ የማወራውም በብዛት ስለ እሱ ነው።

ከሰሚት የደወለች እህታችን፦ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ በቀን ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሽ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ስል ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 305 ኪሎ ሜትር የሚሄደው አይበቃሽም፣ 405 የሚሄደውን ውሰጂ» አለኝ። የዋጋው ልዩነት ከበደኝ። ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ ሁለቱም ቁጥሮች የተገኙት ቻይና ውስጥ በሚደረግ የላቦራቶሪ ሙከራ ነው። በእኛ ዳገትና መጨናነቅ ሲሶውን ቀንሺለት። 305 የተባለው 200 ገደማ ይሄዳል ብለሽ አስቢ። 200 ደግሞ ለአንቺ የአምስት ቀን መንገድ ነው! በየሳምንቱ ሐዋሳ የምትወርጂ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። አልፎ አልፎ አዳማ ብትሄጂም ትንሹ ያደርስሻል፤ ስትወርጂ ያተረፍሽውን ስትመለሺ ዳገቱ እንደሚወስደው ብቻ አትርሺ። የትንሹ ባትሪ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ የትልቁ 39 ገደማ። በየቀኑ ለማትጠቀሚበት ባትሪ ከምትከፍይ ልዩነቱን ለሙሉ ኢንሹራንስና ቤትሽ ለሚገባው የቻርጅ መስመር አውይው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም፤ ሻጩም አልጠየቀሽም። መኪናው ማታ የት ነው የሚያድረው? እኔ መኪና የሚገዛ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ደዋይ ያሳየናል።

ከአያት ኮንዶሚኒየም የደወለ ወንድማችን፦ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ከሳሎን ሶኬት በዲቫይደር ገመድ በመስኮት ለቅቄ ቻርጅ ላደርግ አስቤያለሁ። ባለቤቴ «ቤቱን ታቃጥለዋለህ» ብላ ተጨንቃለች። እውነት ያስፈራል?

ባለቤትህ ልክ ናት፤ አመስግናት። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት ተኩል እስከ አራት ይስባል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደግሞ ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ ነው የሚስበው፣ ማለትም የምጣዱን ግማሽ። ሰው ይህን ሲሰማ «ምጣዱን የቻለ ቤት መኪናውን እንዴት ያቅተዋል?» ይላል። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ምጣድ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ፣ ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። ላላ ያለ ሶኬትና ቀጭን ገመድ ቀስ እያሉ ይግላሉ፣ እናንተ ተኝታችኋል። ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ የተጣበቀበትን ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ግድግዳው ጠቁሮ ነበር፣ ልጆቹ ከግድግዳው ጀርባ ነበር የተኙት። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከቆጣሪህ ተነስቶ በቀጥታ መኪናው የሚቆምበት ቦታ የሚደርስ የራሱ መስመር ይዘርጋ። ለተንቀሳቃሹ ቻርጀር ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ግድግዳ ላይ ለሚገጠመው ባለ 7 ኪሎ ዋት ደግሞ ቢያንስ ባለ 6 ካሬ፤ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የጥበቃ ገመድ ይኑረው። ባለ 7ቱ 32 አምፒር ስለሚስብ ቆጣሪህ ይሸከመው እንደሆነ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ አገልግሎትን ጠይቅ። ብዙ ቻርጀሮች ግራውንድ ሲያጡ ቀይ መብራት አሳይተው እምቢ ይላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። «ቆይ እናታልለዋለን» የሚል ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመህ ሒሳቡን ከፍለህ አሰናብተው። የብሎካችሁን ማኅበርም አስቀድመህ አነጋግር፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

መብራት ቢጠፋስ ብለህም ትሰጋ ይሆናል። በሁለት ኪሎ ዋት ስምንት ሰዓት ካደረ የመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያገኛል፤ ስለዚህ በቀን 40 እና 50 ለሚነዳ ሰው አንድ ሌሊት ቢጠፋም ችግር የለም። ከ40 በመቶ በታች ሳይወርድ የመሙላት ልማድ ይኑርህ።

መስመር መዘርጋት የማይቻል ከሆነና መሥሪያ ቤትህም ቻርጅ ማድረጊያ ከሌለው፣ አሁን የኤሌክትሪክ መኪና አትግዛ። አዲስ ይሁን ብለህ ራስህን አታስጨንቅ። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ የሚገኝ፣ የሰፈርህ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ያገለገለ ቪትዝ ወይም አገር ውስጥ ያለ ባለ 1.2 ሊትር ሱዙኪ ዲዛየር በየማታው ቻርጅ ፍለጋ ከሚያንከራትትህ አዲስ መኪና ይሻልሃል።

ከሽሮ ሜዳ የደወሉ አባታችን፦ ቤቴ ዳገት ላይ ነው። ልጆቼ የኤሌክትሪክ ግዛ ይሉኛል፤ እኔ ዳገቱን አይችልም ብዬ ፈራሁ።

አባቴ፣ በዚህ በኩል አያስቡ። ዳገቱ ላይ የሚደክመው የነዳጅ ሞተር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ እርስዎ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነዎት። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም፣ ጉልበቱ ባሕር ዳርቻ ላይም እንጦጦ ላይም ያው ነው። ለብ ያለው የአዲስ አበባ አየርም ለባትሪ ይስማማዋል፤ ባትሪን የሚጎዳው ኃይለኛ ሙቀት ነው።

ለእርስዎ ሰፈር የምመክረው አንድ ልማድ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይላላል። ስለዚህ ጠዋት ቁልቁል ለሚወርዱበት ቀን ቻርጁን 90 በመቶ ላይ ያቁሙት። እንደ ሲጋል ያሉት የሚጠቀሙበት የብረትና ፎስፌት ባትሪ በሳምንት አንዴ እስከ 100 ቢሞላ ጥሩ ነው፤ መሙያውን እሑድ ከቤት ወደማይወጡበት ቀን ያድርጉት።

ሦስት ልጆች ያሉት አባት በጽሑፍ፦ ሲጋል ለቤተሰብ ይሆናል?

ለእናንተ አይሆንም። ቻይና ውስጥ የሚሸጠው ሲጋል የአራት ሰው መኪና ነው፤ ከኋላ ሁለት ቀበቶ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ አይሄድም። ከዚያው ከቢዋይዲ ዶልፊንን ወይም ዩዋን አፕን እዩ። በዋጋው የሚያጓጓውን የመጀመሪያዎቹን ዉሊንግ ሚኒ ሞዴሎች በተመለከተ ደግሞ ኤርባግ የሌላቸው ስላሉ ዝርዝሩን ሳታረጋግጡ እንዳትከፍሉ።

ከሜሪላንድ የደወለች እህታችን፦ አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ መኪና ልገዛለት ነው። ከዚህ ገዝቼ ልላክለት ወይስ ገንዘቡን?

ገንዘቡን ላኪለት። ኮሮላ ልልክ ብትዪ በነዳጅ ስለሚሠራ አይገባም። የኤሌክትሪክ ብትልኪለት ደግሞ የአሜሪካው ቻርጅ መሰኪያ ሌላ ነው፤ እዚህ የበዛው የቻይናው ነው። አስማሚ ፍለጋ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ሲል ስጦታሽ ሸክም ይሆንበታል። እዚህ በብዛት ያለውን ሞዴል ይግዛ፤ መስታወት ቢሰበርበት ከማን እንደሚገዛ ያውቃል።

ከገርጂ የደወለ ወጣት፦ «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ብለው ከሚሸጡ መኪናው በእርግጥ አዲስ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ይህ ጥያቄ ሙሉ ፕሮግራም ይገባው ነበር። ዜሮ ኪሎ ሜትር ማለት ትናንት ተሠራ ማለት አይደለም፤ ወደብና ግቢ ውስጥ ዓመት የቆመ መኪናም ዜሮ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ጎማውን ተመልከት። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2324 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ቁጠር፤ 10ኛዋ ምልክት ፒ ከሆነች ሞዴሉ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ምክንያቱን ጠይቅ።

ቀጥሎ ዋስትናውን። ብዙዎቹ በአምራቹ ወኪል ሳይሆን በግል አስመጪ ስለሚገቡ የቻይናው ፋብሪካ ዋስትና ወደዚህ አይከተላቸውም። «የስምንት ዓመት ባትሪ ዋስትና አለው» ሲልህ፣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ መኪናው የሚፈተሽበት ጋራዥ የት እንደሆነ፣ የኮምፒዩተር መመርመሪያ እንዳለው፣ ሁሉም ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ይስፈር። የስክሪኑ ቋንቋ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩንም ቀብድ ሳትከፍል በዓይንህ እይ። ማስጠንቀቂያ ሲበራ ማንበብ ካልቻልክ ጥቅም የለውም።

መጨረሻ ላይ ከሥሩ እየው። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው፣ ትንንሾቹ መኪኖችም ዝቅ ያሉ ናቸው። ጋራዥ አስገብተህ በሊፍት አስነሳውና ሽፋኑ ላይ ቧጨራ ወይም ጉብታ መኖሩን በእጅህ ዳስስ፤ ሲጫንና ሲወርድ የተመታ አጋጥሞኛል። ከዚያ አራት ሰው ጭነህ የሰፈርህን ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ሂድበት። ሥሩ መሬት ከነካ ሌላ ሞዴል ፈልግ። ሻጩ ሊፍት ላይ አይወጣም ካለህ አትክፈለው።