ማገጥ አረም አይደለም

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ የመንዝ ልጆች፤

ስለ ግጦሽ መሬታችን አጠቃላይ ሁኔታ እንድናገር ታዝዤ መጥቻለሁ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን የማነሣው በግጦሽ መሬታችን ላይ ራሱ ስለሚበቅለው የመኖ ተክል፣ ስለ ማገጥ ብቻ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ በታችኛው መስክ ላይ ቆሞ፣ እግሩ ሥር የተነጠፈውን የማገጥ አበባ በጫማው ገፋ አድርጎ «ይህ አረም ነው፤ ታርሶ የተሻሻለ ሣር ይዘራበት» አለን። አብሬው ነበርኩ፤ የተማርኩ ነኝና ዝም አልኩ። አንድ አባት ግን (ዛሬም ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል) «ልጄ፣ ያንተ ላም ወተቷ የሚበዛው በየትኛው ወር ነው?» ብለው ጠየቁት። ላም አልነበረውም። መስኩ ታረሰ፤ የተዘራውን ሣር የመጀመሪያው ውርጭ መታው፤ በተከታዩ ክረምት አፈሩ ወደ ወንዝ ወረደ። በሪፖርቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ «የተሻሻለ ግጦሽ» ተብሎ ይነበባል!

ማገጥ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ነቅላችሁ ሥሩን ብታዩ ትናንሽ እባጮች ታገኛላችሁ፤ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉን ይመግቡታል፤ ተክሉ ሲበሰብስም ለጎረቤቱ ሣር ይተርፋል። ኩበቱን ለምድጃ የሚያነድ፣ ማዳበሪያውን በዱቤ የሚገዛ የደጋ ገበሬ ይህን ያለ ዋጋ የሚሠራለትን ተክል እንዴት አረም ይለዋል? በአገራችን ከ25 በላይ የማገጥ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። በእርግጥ በባዶ ሆዷ እርጥብ ማገጥ የጠገበች ላም ሆዷ ይነፋል፤ ይህን ግን እረኛ ሁሉ ያውቃል።

በየዓመቱ ከዘር የሚበቅለው ማገጥ ዘሩን ሳያረግፍ ከተጋጠ፣ ለከርሞ የሚበቅለው ያንሳል። የቀደሙት የመንዝ አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች፣ ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬት ቄሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት መጠበቅን ስላወቁበት ነው፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ምን እንደ ደረሰበት ለእናንተ አልነግራችሁም። እኛ ግን ለሁለት ወር እንኳ መታገሥ አቅቶን በመስቀል ማግሥት ከብት እንለቃለን!

ስለዚህ የታችኛው መስክ እስከ ኅዳር ሚካኤል ክልክል ሆኖ እንዲቆይ፣ ዛሬውኑ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። ስለ በግ ማድለብና ስለ ውኃ ማቆር የተዘጋጀው ጽሑፍ በወረቀት ይታደላችኋል።