የቦራው ዓመት ልጅ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የፈረሰኞች ማኅበር አባላት፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ዘመዶቻችን፤

አባባ የምንላቸውን የአያታችንን ሙት ዓመት አብራችሁን ለማሰብ ስለ መጣችሁ በቤተሰቡ ስም እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ። እንድናገር የተመረጥኩት ከልጅ ልጆቹ ሁሉ ታላቋ ስለ ሆንኩ ነው፤ ከፈረስ ላይ ደጋግሞ በመውደቅም የሚቀድመኝ የለም።

አገራችን ጀግኖቿን በፈረሶቻቸው ስም ስትጠራ ኖራለች። አጤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ አሉላን አባ ነጋ የምንለው በዚሁ ልማድ ነው። አባባ ግን ፈረሶቻቸውን ቦራው፣ ዳማው፣ አምባላዩ እያሉ በመልካቸው ከመጥራት አልፈው ስም አያወጡላቸውም ነበር፤ በፈረስ የተጠራነው እኛ ነን። በቤታችን የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው በውርንጭላ ነበርና፣ ታናሹ አጎቴ የአምባላዩ ዓመት ልጅ ነው፣ እኅቴ ዳማዋ ባዝራ የመጨረሻዋን የወለደች ጊዜ የመጣች ናት፣ እኔ ደግሞ የቦራው ዓመት ነኝ።

ትምህርት ቤት ልመዘገብ በሄድን ቀን መምህሩ የተወለድኩበትን ዓመተ ምሕረት ጠየቁ። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ቦራው በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት፣ ገብሱ ሳይታጨድ» ሲሉ መለሱ። መምህሩ እስክሪብቷቸውን እንደ ያዙ ጠበቁ፤ አባባም ከመልሱ ምን እንደ ጎደለ አልገባቸውምና እሳቸውም ጠበቁ። በመጨረሻ መምህሩ የመሰላቸውን ዓመት ጻፉ፤ ያ ግምት ዛሬም መታወቂያዬ ላይ አለ። ስንወጣ አባባ በር ላይ ታስሮ ወደ ቆየው ቦራ ወስደውኝ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን አሳዩኝ። ፈረስ በአምስት ዓመቱ የወተት ጥርሱን ለውጦ ይጨርሳል፤ እኔ ገና የፊቶቹን ሁለቱን መንቀሌ ነበር። «እኩያሽ ቀድሞሻል፤ ዕድሜሽ ግን እዚህ ነው የተጻፈው» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ። ስልክ አይወዱም ነበር፤ ገና ድምፃቸውን ስሰማ አንድ ነገር መድረሱ ገብቶኛል። «እኩያሽ ዐረፈ» አሉኝ። ስለ ፈረስ ሲያወሩ «ሞተ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ከእኛ ጋር በአማርኛም በአገውኛም ይጫወቱ ነበር፤ ከፈረስ ጋር ግን በአገውኛ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ያናገሩኝ በአገውኛ ነው።

የማኅበሩ አባቶች እንደምታውቁት፣ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት አባባ ገና ጥጃ የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። ካደጉ በኋላ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የማኅበሩ በዓል በግላስ ያጌጠ ፈረሳቸውን ይዘው ሳይወጡ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም። በዓሉ የዓድዋ ፈረሰኞች መታሰቢያ ነው ብሎ ለሚያስረዳ ወጣት ሁሉ ማረሚያ ነበራቸው፤ «የፈረሶቹም በል» ይሉታል። እኛን ሴቶቹን መጋለብ አስተምረውን ሲያበቁ ለጉግስ ሲሆን «እልልታሽ ይበቃል» ብለው ከሴቶቹ መሐል ያስቀሩን ነበር። አኩርፌያቸው ነበር፤ ደግ ሰው ናቸውና ሙት ዓመታቸው ላይ ብናገረውም አይቀየሙኝም።

በአካባቢያችን የግጦሹ መሬት ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ በሚባል ዛፍ ሲሸፈን፣ አባባ የወንዙን ዳር ሜዳ አላስነካም ብለው ከልጆቻቸው ጋር ሁለት ክረምት ተኳረፉ። እውነቱን ለመናገር የአጎቶቼ ሒሳብ ትክክል ነበር፤ የሜዳዋ ከሰል የሁለት ልጆችን የትምህርት ወጪ ይችል ነበር። አባባም ሒሳቡን አልካዱም። አንዱን በሬ ሸጠው የልጆቹን ወጪ ሸፈኑና በጎደለው በሬ ቦታ የጋሪውን ፈረስ ጠምደው አረሱ። ለማኅበር የሚጫነው ፈረስ ቀንበር አልነካም፤ ሜዳዋም እስከ ዛሬ ሣር ናት። ከነዚያ ሁለት ልጆች አንዷ ይህን የምነግራችሁ እኔ ነኝ።

ኮርቻው ለሁላችንም አንድ ነበር። አንድ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው አባባ ከፈረሱ ላይ ያስቀምጡትና፣ እግሩን ለክተው የእርካቡን ጠፍር በልኩ በወስፌ ይበሱለታል። ወስፌውን ሲገፉ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሐል ያዝ ያደርጉታል፤ ልጁ ሲነቃነቅ ደግሞ ፈረሱን እንጂ ልጁን አይቆጡም። ጠፍሩ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ አለ። ከሁሉ ላይኛው የእኔ ነው፤ አጭር ነበርኩ።

የዛሬ ዓመት ዳማው በዚያው ኮርቻ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ለቅሶው መሐል ሲሳብ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮርቻው ከግድግዳው አልወረደም ነበር። ልጄ በዚህ ወር ሰባት ዓመት ሞላው። ትናንት ማታ አጎቴ ማንንም ሳያማክር ኮርቻውን አውርዶ አራገፈው፣ ዳማውን ጫነ፣ ልጁን አስቀመጠውና ፋኖስ እንድይዝለት ጠራኝ። ወስፌውን ሲገፋ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነበር። አሥረኛው ቀዳዳ ከእኔው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይላል።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ታዩታላችሁ።