ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ስቅታ አልለቅ ሲል

(ምስል፦ ከቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያስገባው መንገድ። ከግቢው የሚወጡ ታካሚና አስታማሚ፤ በአስታማሚዋ እጅ መድኃኒት የያዘ ፌስታል።)

ኬሞው፣ የካንሰር መድኃኒቱ፣ ትናንት ተሰጥቷል። ማቅለሽለሹ እንደተፈራው አልሆነም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ስቅታ ጀመረ፤ እራት ላይም አለ፣ ሌሊትም አለ። በመጀመሪያው ቀን «የሚያነሳህ ሰው አለ» ተብሎ ይሳቃል። በሁለተኛው ቀን የሚስቅ የለም፤ ሰውየው መብላትም መተኛትም አቅቶታል፣ ሆዱ ላይ የቀዶ ጥገና ስፌት ካለበት ደግሞ እያንዳንዱ ስቅታ ያመዋል።

(አኒሜሽን፦ ሳንባ፣ ድያፍራም፣ ጨጓራ፤ ከአንገት ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ነርቮች።)

ከሳንባ በታች ደረትን ከሆድ የሚለይ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ ድያፍራም ይባላል። የሚያዘው ፍሬኒክ የተባለው ነርቭ ከአንገት ይነሳል። ቬገስ የሚባለው ሌላ ነርቭ ደግሞ ከጉሮሮ፣ ከደረትና ከጨጓራ የሚመጣውን ስሜት ወደ አንጎል ያደርሳል። በዚህ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ሲቆጣ ድያፍራሙ ሳይታዘዝ ይኮማተራል፣ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የድምፅ አውታሮች ወዲያው ይዘጋሉ። ስቅ የሚያሰኘው ያ መዘጋት ነው። መስመሩ ረጅም ስለሆነ ምክንያቱም ብዙ ነው፦ የተነፋ ጨጓራ፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀት፣ በደም ውስጥ የሶዲየም ማነስ፣ የኩላሊት መድከም፣ ድያፍራሙን የሚገፋ ዕጢ፣ አልፎ አልፎም አንጎል ውስጥ ያለ ችግር። ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ስቅታ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን አንድ ተጠርጣሪ ከሁሉም ቀድሞ ይታያል፤ ብዙ ሰውም አያስበውም። እሱም ማስመለስን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን፣ በአጭሩ «ዴክሳ» ነው። ከኬሞው በፊት በመርፌ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም በእንክብል ለ2 ወይም ለ3 ቀን ቤት ይቀጥላል። ስቅታው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይጀምርና ዴክሳው ሲያልቅ ቀስ በቀስ ይተዋል። ለማህፀን በር፣ ለሳንባ ወይም ለራስና አንገት ካንሰር ከሚሰጠው ሲስፕላቲን ጋር ሲሆን ደግሞ ይበረታል። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ዴክሳውን መተው ነው። በራስዎ አይተዉት። ለማስመለስ የታዘዘ ከሆነ ማስመለሱ ይመለሳል፤ ለአንጎል እብጠት የታዘዘ ወይም ለሳምንታት የተወሰደ ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆሙ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪሙ ግን አማራጮች አሉት፦ መጠኑን ይቀንሳል፣ በሜቲልፕሬድኒሶሎን ይተካል፣ ወይም ሌላ የማስመለስ መከላከያ ያጠናክራል። ይህን ለመወሰን ከእርስዎ የሚፈልገው ኬሞው፣ ዴክሳውና ስቅታው መቼ መቼ እንደነበሩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ነው።

(ጽሑፍ በስክሪን፣ በእጅ የተጻፈ፦ «ኬሞ፦ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት። ዴክሳ፦ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት፣ 8 ሚሊ ግራም። ስቅታ፦ ረቡዕ 9 ሰዓት ጀመረ፣ ዓርብ ማታ ቆመ። ሰገራ፦ ለመጨረሻ ጊዜ እሁድ።»)

እንዲህ ያለች ብጣሽ ወረቀት «በጣም ስቅ ይለኛል» ከሚል ረጅም ማብራሪያ ትበልጣለች። የእንክብሉን ብዛት ሳይሆን ሚሊ ግራሙን ይጻፉ፤ አንዱ ፍሬ ከሌላው ጥንካሬው ሊለያይ ስለሚችል ማሸጊያውን አይጣሉ። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ በከንቱ አልገባችም። ኦንዳንሴትሮን የተባለው የማስመለስ መከላከያና የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ሁለቱም ሆድ ያደርቃሉ፤ የደረቀ ሆድ ይነፋል፣ የተነፋ ሆድ ድያፍራሙን ይገፋል።

አሁን ወደ ቤት ዘዴዎቹ። አብዛኞቹ ቬገስን በማነቃቃት ወይም ትንፋሽን በማገድ ነው የሚሠሩት። ቀላሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ በደንብ ወደ ውስጥ መተንፈስ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይዞ መቆየትና ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ሌላው ተቀምጦ ጉልበትን ወደ ደረት ስቦ አንድ ደቂቃ ያህል ማቀፍ ነው፤ ሆዱን በቅርቡ ለተቀደደ ሰው ግን አይሆንም። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ስኳር ያለ ውሃ መዋጥም ወሬ ብቻ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በታተመ አጭር ዘገባ ከ20 ሰዎች የ19ኙ ስቅታ ቆሟል። ጥቂት ሰዎች ናቸውና ብዙ አይደገፉበት። የስኳር ሕመም ካለብዎ ደግሞ ይለፉት፤ ዴክሳው ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ቀዝቃዛ ውሃ መጎንጨት ብዙዎችን ይረዳል። እዚህ ላይ ግን የኬሞዎን ስም ማወቅ አለብዎ። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን ከሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቅዝቃዜ ጉሮሮን ያስጨንቃል፤ የሚታነቁ፣ አየር ያጠረዎ ይመስልዎታል። ለእርስዎ ለብ ያለ ውሃ በስትሮ፣ በትንሽ በትንሹ። አፍዎ ከቆሰለ ሎሚ መንከስ ስቅታውን ሳያቆም ቁስሉን ያቃጥላል። ፌጦ በሎሚም እንዲሁ፤ ጨጓራ ላይ እሳት መጨመር ነው።

ፈጽሞ የማይሞከሩም አሉ። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት፣ ዓይንን መጫን፣ የአንገት ደም ሥርን ማሸት፤ ኬሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌትንና ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ትንሽ ጭረት መድማትና ኢንፌክሽን ታመጣለች፣ አንገትን ማሸት ደግሞ ልብን ያዘገያል። ፌስታል ፊት ላይ አድርጎ መተንፈስ ያፍናል። ማስደንገጥም ይቅር፤ የታመመ ሰው ነው።

(ምስል፦ ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለ ምግብ ቤት፤ ሽሮ፣ ቃሪያ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ።)

ከሕክምናው ወጥቶ እዚያው አካባቢ አንድ ሙሉ ሽሮ ከቃሪያ ጋር፣ ላዩ ላይ አምቦ ውሃ፤ ለስቅታ ከዚህ የተመቸ ግብዣ የለም። ጋዙ ጨጓራን ይነፋል፣ ቃሪያውና ሚጥሚጣው ጉሮሮን ያስቆጣሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ከመጥገብ አምስት ስድስት ጊዜ በጥቂቱ ይብሉ፦ ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በርበሬ የሌለው አልጫ። ከበሉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይጋደሙ። የሚጾሙ ከሆነም እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ መሙላት ስቅታን ይጠራል፤ ለታመመ ሰው ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር የተለመደ ነው፣ በሕክምናው ሰሞን ይጠይቋቸው።

ይህ ሁሉ ካልያዘው መድኃኒት አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። ሰዉ «ፕላዚል» የሚለው ሜቶክሎፕራሚድ ጨጓራን ቶሎ ባዶ ያደርጋል፤ የተለመደው 10 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ነው። ለማቅለሽለሽ አስቀድሞ ተሰጥቶዎት ከሆነ እንዳይደርቡት፤ አንገት ወይም መንጋጋ ከተጣመመ ወዲያው ይታዩ። አንጀት ተዘግቷል ተብሎ ከተጠረጠረም አይወሰድም። ባክሎፌን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ይታዘዛል፤ የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የኩላሊት ምርመራ ውጤትዎን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ታካሚው ከልክ በላይ ካንቀላፋ ወይም ከቀባዠረ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። ለሳምንታት ከተወሰደም በአንድ ጊዜ አይቆምም። ጋባፔንቲንም ይሰጣል። ክሎርፕሮማዚን ቢታዘዝና ፋርማሲስቱ «የአእምሮ መድኃኒት ነው» ቢልዎ አይደንግጡ፤ ለስቅታም የቆየ መድኃኒት ነው። ደም ግፊት ስለሚያወርድ ግን ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ፤ ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው አስታማሚው አብሮት ይነሳ።

(ጽሑፍ በስክሪን፦ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው።)

ከስቅታው ጋር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለ፣ ደረት ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ አንደበት ከተያዘ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም መደናገር ከመጣ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ጥቁር ሰገራ ከታየ፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም ከቆመ፣ 48 ሰዓቱን አይቁጠሩ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሲደርሱ መጀመሪያ የሚነገረው ስቅታው አይደለም፤ «ካንሰር ታካሚ ነው፣ ኬሞ በዚህ ቀን ወስዷል» ይበሉ።

ስቅታው በራሱ ቢተውም ወረቀቷን አይጣሏት። በቀጣዩ ዙር ዴክሳው ከኬሞው ቀድሞ ስለሚሰጥ፣ ግሉኮሱ ከተሰቀለ በኋላ መናገር ረፍዶ ነው። ጠዋት ደም ምርመራው ታይቶ ሐኪሙ ትእዛዝ ሲጽፍ፣ ያኔ ከካርዱ ጋር ይስጡት።